የአደባባይ ምስጢር ያሳተመው አዘጋጅ፦ የካርል ፎን ኦሲየትስኪ ሕይወትና ሞት

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 10 ቀን 1932 በርሊን ውስጥ አንድ የአርባ ሁለት ዓመት ጋዜጠኛ በገዛ እግሩ ሄዶ ቴገል በሚባለው ወኅኒ ቤት ገባ። ፖሊስ እጁን ጠምዝዞ አልወሰደውም። ደራስያንና ጋዜጠኞች የሆኑ ወዳጆቹ ተሰባስበው ሸኙት። ፓስፖርቱን ማንም አልነጠቀውም፤ የስዊስ ድንበርም አልተዘጋበትም ነበር። ውጣ፣ አምልጥ ብለው የለመኑት ብዙ ናቸው። እሱ ግን የተፈረደበትን የአንድ ዓመት ከመንፈቅ እስራት ሊፈጽም ገባ። ወንጀሉ በዋና አዘጋጅነት በሚመራው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ ማውጣቱ ነበር።

ሰውዬው ካርል ፎን ኦሲየትስኪ ይባላል። አበው እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ፤ እሱን የመሸበት ወኅኒ ላይ ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ የተሰቃየውን የኖቤል የሰላም ተሸላሚ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ኦሲየትስኪን መጀመሪያ ያሰረው ሂትለር አልነበረም። ያሰረችው ምርጫ የምታካሂድ፣ ፓርላማ ያላት፣ ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 118 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያረጋገጠና ሳንሱርን የከለከለ ሪፐብሊክ ነበረች። ውድ አንባቢያን፣ የዚህን ሰው ታሪክ ዛሬ ማንሳት ያስፈለገኝ በዚህ ምክንያት ነው። አምባገነኖች የፕሬስን አንገት የሚያንቁበትን ገመድ ሁልጊዜ ራሳቸው አይፈትሉትም። አንዳንዴ ተፈትሎ፣ ተገምዶ ይጠብቃቸዋል።

ኦሲየትስኪ የተወለደው ኦክቶበር 3 ቀን 1889 በሐምቡርግ ከተማ ነው። ስሙ ላይ ያለው ፎን የምትለው ቃል የመኳንንት ዘር ታስመስለዋለች እንጂ ቤተሰቡ ድሃ ነበር። አባቱ በአንድ የሕግ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ይሠራ ነበር፤ ልጁ ገና ሁለት ዓመት ሲሆነው ሞተ። እናቱ በኋላ ያገባችው ሰው የሶሻል ዴሞክራቶች ደጋፊ ስለነበር ልጁ የፖለቲካ ወሬ የሰማው ከእንጀራ አባቱ ነው። በትምህርቱ አልገፋም። ፈተና ወድቆ ትምህርት ቤቱን ተወና በሐምቡርግ የፍርድ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተራ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ቀን የመንግሥት ወረቀት ሲገለብጥ ይውላል፤ ማታ ያነባል፣ ይጽፋል። ጀርመን ውስጥ ከታወቁት ብዕሮች አንዱ ለመሆን የበቃው ሰው ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም።

ከሕግ ጋር የተጋጨው ገና በጀማሪነቱ ነው። አንድ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የሰጠውን ከባድ ፍርድ በመንቀፉ በ1914 ተከሶ የገንዘብ ቅጣት ተወሰነበት። ቅጣቱን የከፈለችለት በ1913 ያገባት እንግሊዛዊቷ ሚስቱ ሞድ ነበረች። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በ1916 ለውትድርና ተመልምሎ ወደ ምዕራቡ ግንባር ተላከና በቨርደን አካባቢ የምሽግ ሥራ ሠራተኛ ሆነ። እዚያ ያየው እልቂት ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። ከጦርነቱ ሲመለስ የቢሮውን ሥራ ተወ፤ ወደ በርሊን ሄዶ የጀርመን የሰላም ማኅበር ጸሐፊ ሆነ። ስብሰባና ቃለ ጉባኤ ግን ለእሱ የሚሆን ሥራ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጋዜጣ ተሻገረ፤ በርሊነር ፎልክስ ጻይቱንግ በተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ከዚያም በሌሎች መጽሔቶች ላይ ሠራ።

በ1926 ዲ ቬልትቡኔ የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት መሥራች ዚግፍሪድ ያኮብሶን ወደ ዝግጅት ክፍሉ አስገባው። የመጽሔቱ ስም ሲተረጎም የዓለም መድረክ ማለት ነው። ያኮብሶን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በድንገት ሞተ። ሥራውን የተረከበው ዝነኛው ሽሙጠኛ ጸሐፊ ኩርት ቱሖልስኪ ነበር፤ ቱሖልስኪ ግን የአዘጋጅነት ወንበር አልተመቸውምና በ1927 ለኦሲየትስኪ አስረከበው። መጽሔቷ ቀይ ሽፋን ያላት፣ ስርጭቷም ትልቅ በሆነበት ጊዜ ከ15,000 ቅጂ ያልበለጠ ነበረች። ሚኒስትሩም፣ ጄኔራሉም፣ ዳኛውም ግን ያነቧት ነበር። የሚጠሏት ሰዎች ሳያነቧት አያድሩም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኦሲየትስኪ ራሱ ዓይን አፋር፣ ዝምተኛ ሰው ነበር ይባላል። ብዕሩ ግን ማንንም አይምርም። ጄኔራሎቹ በሪፐብሊኩ ሕግ ላይ ሌላ መንግሥት ሆነው መቆማቸውን ጻፈ። ዳኞቹ ለቀኝ አክራሪ ነፍሰ ገዳይ ሲራሩ ለግራው ግን ርኅራኄ እንደሌላቸው ጻፈ። የራሱ ወገን የሚባሉትን ሶሻል ዴሞክራቶችም አልተዋቸውም፤ ለሥልጣን ሲሉ ለጦር ኃይሉ ተንበርክከዋል እያለ በየሳምንቱ ይወቅሳቸው ነበር።

ስለ አንድ ሰው ስንጽፍ ጉድለቱን መሸፈን የለብንም። ኦሲየትስኪ የተሳሳተበት ጊዜ አለ። የሂትለርን እንቅስቃሴ እንደ ብዙ የዘመኑ ምሁራን በመጀመሪያ አቅልሎ አይቶታል፤ ዋናው አደጋ ከጄኔራሎቹ ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። በ1932ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ለኮሚኒስቱ ዕጩ ለቴልማን ድምፅ እንዲሰጥ መክሯል። ከጦርነቱ በኋላም ቬልትቡኔ ደካማዋን ሪፐብሊክ ከውስጥ ሆና ስትመታ ለጠላቶቿ አመቻቸቻት ብለው የወቀሱ ጸሐፍት ነበሩ። ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የተሳሳተ ትችት በጽሑፍ ይመለሳል ወይስ በወኅኒ? የዚያች ሪፐብሊክ ባለሥልጣናት ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ነው እሷንም እሱንም ያጠፋቸው።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በ1927 መጣ። በጦር ኃይሉ ጥላ ሥር የሚንቀሳቀሱ ምስጢራዊ ቡድኖች ስለፈጸሟቸው የፖለቲካ ግድያዎች ቬልትቡኔ ያወጣችው ጽሑፍ የሠራዊቱን ክብር ነክቷል ተባለ። ፍርድ ቤት በኦሲየትስኪ ላይ የአንድ ወር እስራት ፈረደ፤ በኋላ ግን ሳይታሰር ቀረ። ቀጥሎ የመጣው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም።

ማርች 12 ቀን 1929 ቬልትቡኔ ስለ ጀርመን የአቪዬሽን ሁኔታ የሚያትት ጽሑፍ አወጣች። ጸሐፊው የአውሮፕላን ባለሙያ የነበረው ቫልተር ክራይዘር ሲሆን የተጠቀመው በብዕር ስም ነበር። በቬርሳይ ውል መሠረት ጀርመን የጦር አየር ኃይል እንዳይኖራት ተከልክላለች። ክራይዘር የጻፈው ይህ ክልከላ በስውር እየተጣሰ መሆኑን፣ ከሉፍትሃንዛ አየር መንገድ ጀርባና በርሊን አጠገብ ባለው የዮሐኒስታል አውሮፕላን ማረፊያ ለጦር ኃይሉ የሚሠራ ክፍል መኖሩን፣ ለዚህም የሕዝብ ገንዘብ እየወጣ መሆኑን ነው። የነገሩ አስገራሚ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ከጽሑፉ ውስጥ አብዛኛው የተወሰደው ከፓርላማው የበጀት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ተነጋግረውበታል፤ ታትሟል። እኛ የአደባባይ ምስጢር የምንለው ዓይነት ነገር ነበር።

መከላከያ ሚኒስቴር ግን ዝም አላለም። ምርመራው ከሁለት ዓመት በላይ ተጓተተና በኖቬምበር 1931 ጉዳዩ ላይፕዚግ በሚገኘው የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። ክሱ የወታደራዊ ምስጢር አሳልፎ መስጠት ነው፤ የተጠቀሰውም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በ1914 የወጣ የስለላ ሕግ ነበር። ችሎቱ ዝግ ሆነ። ተከላካይ ጠበቆች የቆጠሯቸው ምስክሮች እንዲሰሙ አልተፈቀደም። ተከሳሾቹ በችሎቱ ውስጥ ስለሰሙት ነገር ለማንም እንዳይናገሩ ታዘዙ። ኖቬምበር 23 ቀን 1931 ኦሲየትስኪና ክራይዘር እያንዳንዳቸው አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደባቸው። የፍርዱ ሐተታ ራሱ ምስጢር ተባለ። አንድ ጋዜጠኛ በምን ምክንያት እንደታሰረ መናገር የማይችልበት ፍርድ ማለት ነው።

የዳኞቹን አስተሳሰብ ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መንግሥት ሕግ ጥሶም ቢሆን አንድ ነገር በምስጢር ከሠራ ዜጋው ያንን ማጋለጥ የለበትም፤ አቤቱታ ካለው ለዚያው መንግሥት አካል ያቅርብ እንጂ ለሕዝብ አያውጣው፤ ለአገር ያለው ታማኝነት ከዓለም አቀፍ ውል ይበልጣል። ነገሩ ከዚህ በፊት መነገሩም ምስጢርነቱን አያስቀረውም። በዚህ አካሄድ ምስጢር ማለት ሰው የማያውቀው ነገር መሆኑ ቀርቶ ባለሥልጣን እንዲወራ ያልፈለገው ነገር ሆነ። ድንበሩን የሚያሰምረው ከሳሹ ራሱ ነው፤ ጋዜጠኛው ድንበሩን የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ነው።

ይህ ጸሐፊ ስለዚህ ጉዳይ ከመጽሐፍ ያነበበውን ብቻ አይደለም የሚያወራው። በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። ዳቦ ቤት ፊት የተሰለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የዱቄት እጥረት ለጠላት መጠቀሚያ ይሆናል ተብለን ከገጽ አውጥተናል። የሰረዘችው ቀይ እስክሪብቶ በሌላ ሰው እጅ አልነበረችም፤ በእኔ እጅ ነበረች። በማግሥቱ ሰልፉ እዚያው ነበር፤ የጎደለው ከጋዜጣችን ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የኦሲየትስኪን ታሪክ ሳነብ ከእሱ ይልቅ ራሴን የማገኘው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነው። ይህን የምለው ለመናዘዝ ሳይሆን፣ ምስጢር የምትለው ቃል በመንግሥት እጅ ምን ያህል እንደምትለጠጥ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ከፍርዱ በኋላ ክራይዘር ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። አልበርት አይንስታይንና ቶማስ ማን ያሉበት ከ40,000 በላይ ሰው ለኦሲየትስኪ የምሕረት ጥያቄ ፈረመ። የሂንደንቡርግ መንግሥት ምሕረት አላደረገለትም። ኦሲየትስኪ ለምን እንዳልሸሸ በመጽሔቱ ላይ ገልጿል። ከድንበር ማዶ ሆኖ የሚጮኽ ተቃዋሚ ድምፁ ቀስ በቀስ ወደ አገሩ መድረስ ያቅተዋል የሚል እምነት ነበረው። እስር ቤት የገባው ተገዝቶ ወይም አምኖ ሳይሆን፣ ታሳሪ ሆኖ ለፍርድ ቤቱ የሚያሳፍር ምስክር ለመሆን ነው። ይህን አባባሉን እኛ በስደት ያለን ሰዎች ስናነብ ልባችን ላይ አንድ ነገር ይጫነናል። ትክክል ነበር ወይስ ተሳስቷል? መልሱን ወደ ታች ሕይወቱ ራሱ ይሰጠናል፤ መልሱ ግን አንድ ብቻ አይደለም።

እስር ቤት እያለም ሌላ ክስ ተከተለው። ቱሖልስኪ ወታደሮችን ከነፍሰ ገዳይ ጋር ያመሳሰለበትን ጽሑፍ አትመሃል ተብሎ በሠራዊቱ ላይ በተፈጸመ ስድብ ተከሰሰ። ጸሐፊው ስዊድን ስለሚኖር የተያዘው አዘጋጁ ነበር። በጁላይ 1932 የበርሊን ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው። በዚያች አገር ሕሊና ያላቸው ዳኞችም እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም። በገና ሰሞን በወጣ አጠቃላይ ምሕረት ዲሴምበር 22 ቀን 1932 ከ227 ቀናት እስራት በኋላ ተፈታ።

የቀረው ጊዜ ሳምንታት ብቻ ነበር። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለር መራሔ መንግሥት ሆነ። ወዳጆቹ እንደገና ውጣ አሉት፤ እንደገና ዘገየ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን ማታ የፓርላማው ሕንፃ ራይክስታግ ተቃጠለ። ሊነጋጋ ሲል ፖሊሶች ቤቱ መጥተው ወሰዱት። ሪፐብሊኩ በምስጢር አውጪነት የፈረደበት ሰው ስለሆነ ናዚዎች ከሃዲ ብለው ለመጥራት አዲስ ስም መፈለግ አላስፈለጋቸውም። የቬልትቡኔ የመጨረሻ እትም ማርች 7 ቀን ወጣ። ሜይ 10 ቀን 1933፣ ወደ ቴገል በገባ ልክ በዓመቱ፣ ተማሪዎች በርሊን አደባባይ ላይ መጻሕፍት ሲያቃጥሉ የእሱና የቱሖልስኪ ስም እየተጠራ ጽሑፋቸው ወደ እሳቱ ተወረወረ።

ኦሲየትስኪ መጀመሪያ ወደ ዞነንቡርግ፣ በ1934 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ጀርመን ረግረጋማ አገር ወደሚገኘው የኤስተርቬገን ማጎሪያ ካምፕ ተዛወረ። እስረኞቹ ውኃ ያዘለ አፈር ሲቆፍሩ ይውላሉ። ይደበደባሉ። በ1935 መጸው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ካርል ቡርክሃርት ካምፑን ሲጎበኝ ያገኘው የሚንቀጠቀጥ፣ የገረጣ፣ አንድ ዓይኑ ያበጠ፣ ጥርሱ የተሰበረ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ነው የስደተኞቹ ሥራ የሚመጣው። ፓሪስ፣ ለንደን፣ ኦስሎና ፕራግ የተበተኑ ጀርመናውያን ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ለኦሲየትስኪ የኖቤል የሰላም ሽልማት እንዲሰጥ ዘመቻ ጀመሩ። ገንዘብ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው ተሰርዟል፤ በፓርቲም እርስ በርስ ይናቆራሉ። ጩኸቱ ለእስረኛው ጉዳት ያመጣል ብለው የሰጉም ነበሩ። ሆኖም ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ እየጻፉ እንደ ሮማን ሮላን ያሉ ታላላቅ ሰዎችን አሰለፉ። ኦስሎ ላይ ከሠሩት አንዱ ቪሊ ብራንት የተባለ ወጣት ስደተኛ ነበር፤ በኋላ የምዕራብ ጀርመን መሪ ሆኖ በ1971 ራሱ ይህንኑ ሽልማት ተቀበለ። በተቃራኒው ታዋቂው የኖርዌይ ደራሲ ክኑት ሃምሱን ኖቬምበር 1935 በአገሩ ጋዜጣ ላይ እስረኛውን ወረፈ፤ ለምን አልሸሸም፣ ለምን አገሩን አይረዳም አለ። መልስ መስጠት የማይችልን ሰው በጋዜጣ መውቀስ ቀላል ነው።

ያ 1935 ለእኛም ክፉ ዓመት ነበር። ኦሲየትስኪ ካምፕ ውስጥ ሆኖ አርባ ስድስተኛ ዓመቱን በያዘበት ቀን፣ ኦክቶበር 3፣ የሙሶሊኒ ጦር የኢትዮጵያን ድንበር ጥሶ ገባ። ኃያላኑ ለአዲስ አበባም ለበርሊን እስረኛም የነበራቸው ፍላጎት አንድ ነበር፤ አምባገነኖቹን አለማስቆጣት። የኖቤል ኮሚቴውም የ1935ን ሽልማት በዓመቱ ሳይሰጥ አሳደረው። ቱሖልስኪ የጓደኛውን መሸለም ሳያይ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 21 ቀን በስዊድን አረፈ።

ኖቬምበር 23 ቀን 1936 ኮሚቴው ያደረውን ሽልማት ለኦሲየትስኪ ሰጠ። ላይፕዚግ ላይ ከተፈረደበት ልክ አምስት ዓመቱ ነበር። የኖርዌይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መንግሥታቸው እንዳይወቀስ አስቀድመው ከኮሚቴው ወጥተዋል፤ በሥነ ሥርዓቱም ላይ ንጉሡ አልተገኙም። ኦሲየትስኪ በዚያን ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ ደክሞ፣ በዘበኛ እየተጠበቀ በርሊን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሄርማን ጎሪንግ ሽልማቱን እንቢ እንዲል ገፋፋው። አቅም ያልቀረው በሽተኛ እቀበላለሁ አለ። ወደ ኦስሎ እንዲሄድ ግን ፓስፖርት ተከለከለ። ሂትለር በጃንዋሪ 1937 ከእንግዲህ ማንም ጀርመናዊ የኖቤል ሽልማት እንዳይቀበል አዘዘ።

የሽልማቱ ገንዘብ እንኳን አልደረሰለትም። አብዛኛውን ገንዘቡን ይዞልህ ይቆያል የተባለ አንድ ጠበቃ በላው፤ የተሸላሚው የመጨረሻ የአደባባይ ጊዜ በዚህ ሰው ላይ ምስክርነት የሰጠበት ችሎት ነበር። ሜይ 4 ቀን 1938 ኦሲየትስኪ በአርባ ስምንት ዓመቱ በሆስፒታል ሞተ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ሁሉንም በናዚ ላይ አላክከን እንገላገል ነበር። ስዊድን ትኖር የነበረችው ብቸኛ ልጁ ሮዛሊንደ የ1931ዱ ፍርድ እንዲሰረዝ ዴሞክራሲያዊቷን ጀርመን ጠየቀች። የታሪክ ባለሙያዎች ጽሑፉ ያወጣው ነገር ቀድሞ የታወቀ መሆኑን አስረዱ። የበርሊን ፍርድ ቤት በ1991 ውድቅ አደረገው፤ ዲሴምበር 3 ቀን 1992 የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አጸናው። የቀረበው አዲስ ማስረጃ አይደለም፤ ዳኞች ሕጉን ተሳስተው ተርጉመውት ቢሆን እንኳን ይህ ብቻውን ክስ እንደገና ለመክፈት አይበቃም ነው የተባለው። በ1991 የኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ተሰይሟል፤ ጎዳናዎችም ተሰይመውለታል። በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ግን ኦሲየትስኪ ዛሬም የአገር ምስጢር አሳልፎ የሰጠ ወንጀለኛ ነው።

ስለዚህ አገር ውስጥ መቅረቱ ትክክል ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። መቅረቱ ሕይወቱን አስከፈለው፤ ስማቸውን ጠርቶ ሊያስፈራቸው የማይችል መንግሥት አስቆጥቶ ኖቤልን ያህል ምስክር አስገኘ። ስሙን ከካምፑ አጥር አውጥተው ለዓለም ያሰሙት ደግሞ የሸሹት ናቸው። እሱ ባይቀር የሚጮኹለት አይኖርም ነበር፤ እነሱ ባይሸሹ የሚጮኽለት አይኖርም ነበር። አገር ቤት ያለውን ጋዜጠኛ ለምን አልወጣህም፣ ስደተኛውን ለምን ሸሸህ እያልን የምንነቋቆርበትን ጊዜ ታስሮ ላለው ሰው አንድ ደብዳቤ ብንጽፍበት ይሻላል።

ነገ በአገራችን የተሻለ ሥርዓት ሲመጣም ለመሪዎቹ ስም ከምንጨነቅ ይልቅ ምስጢር፣ ደኅንነት፣ ክብር የሚሉት ቃላት በሕግ መጽሐፉ ውስጥ እንዴት እንደተጻፉ እንመርምር። የእኛ ወገን ሥልጣን ላይ ተቀምጦ ሌላውን ሲከስባቸው ዝም ያልንባቸው አንቀጾች ወንበሩ ሲገለበጥ ለቀጣዩ ይተላለፋሉ። ጀርመን ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ቸር ይግጠመን።